የእንግዳን አልጋ የምታነጥፍ እጅ

እንግዳ መቀበል በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ከጾምና ከጸሎት ጋራ የሚቆጠር በጎ ሥራ ነው። አባታችን አብርሃም የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ ይቀበል እንደ ነበረ፣ በዚህም ምግባሩ ሥላሴን በቤቱ ለማስተናገድ እንደ በቃ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ ሐምሌ 7 ቀንም ይህንኑ እያሰበች በዓል ታደርጋለች። ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ በመካከላችን የለም። ነገር ግን የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 18 አስተውሎ ላነበበ ሰው፣ በዚያ ቀን የደከመው አብርሃም ብቻ አይደለም። ሣራ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት አቡክታ እንጎቻ ጋግራለች። ጥጃውንም ከጌታው እጅ ተቀብሎ ፈጥኖ ያዘጋጀ አንድ ብላቴና ነበረ። የዚያ ብላቴና ስም አልተጻፈም። እንግዶቹ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ዕቃውን ማን እንዳጠበ፣ ስፍራውንም ማን እንደ ጠረገ መጽሐፉ አይነግረንም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚያ ብላቴና ወገኖች ነው። ይኸውም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አልጋ የሚያነጥፉ፣ ከሄደ በኋላም ክፍሉን የሚያጸዱ፣ እንግዳው ግን ስማቸውን ሳይጠይቅ ስለሚያልፋቸው ሠራተኞች ነው።

ቀድሞ በአገራችን መንገደኛ በመሸበት ጊዜ ከደጅ ቆሞ የመሸበት እንግዳ መሆኑን ከተናገረ፣ ባለ ቤቱ ወጥቶ ያስገባው ነበር። የቤቱ ልጅ ወይም የቤቱ አገልጋይ ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥበዋለች፤ የተገኘውን በልቶ መደብ ላይ ያድራል፤ ሲነጋም መርቆ ይሄዳል። ኪራይ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ከተማው ሰፍቶአል፤ ኑሮውም ተለውጦአል። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር፣ እንዲሁም በላሊበላ ቤታቸውን ከነዕቃው በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር ለእንግዳ የሚያከራዩ ሰዎች በርክተዋል። ሕዝቡም ይህን ዐይነቱን ቤት ጌስት ሐውስ ብሎ ይጠራዋል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሠርግ፣ ለገናና ለጥምቀት የሚመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያርፉት በዚሁ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ቤት ማከራየት በላብ የተገኘ ሀብት ፍሬ ነውና። ጥያቄው፣ እንግዳ መቀበል ንግድ በሆነ ጊዜ፣ እግር ታጥብ የነበረችው እጅ ምን ድርሻ አገኘች? የሚለው ነው።

እኛ የምናውቃቸው አንዲት እናት በቦሌ ክፍለ ከተማ በሚገኝ ባለ ስምንት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ዛሬ ዕድሜያቸው 54 ነው። የትውልድ አገራቸው መንዝ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀበሌያቸው በደረሰ ጊዜ ከእናታቸው አጠገብ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው፤ ታናሹንም እኛ አስተምረነዋል። ስለ እርሳቸው ልንጽፍ እንደምንፈልግ በነገርናቸው ጊዜ፣ «ስሜ ይቅር፤ ሥራዬን ግን ጻፉልኝ» አሉን። እኛም እንደ ፈቃዳቸው እናደርጋለን።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣሉ። የኪዳን ጸሎት ሳይፈጸም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልመው ወደ ሥራቸው ያልፋሉ። እንግዶች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቁርስ ይጠብቃሉና ቆመው ለማስቀደስ ጊዜ የላቸውም። የሥራው ዋና ክብደት ግን አንዱ እንግዳ ወጥቶ ሌላው በሚገባበት ቀን ነው። የሚሄደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ክፍሉን ይለቃል፤ የሚመጣው ከአውሮፕላን ማረፊያ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቀንም ሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ሥራው ሥርዓት አለው። አስቀድሞ መስኮት ይከፈታል። አንሶላው ከመገፈፉ በፊት በእጅ ይዳሰሳል፤ ቀለበትና ጉትቻ በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ እጥበት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነውና። አቧራ ከላይ ወደ ታች ይራገፋል። ወለል የመጨረሻ ነው፤ ከውስጠኛው ማዕዘን ተጀምሮ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ይወለወላል። ደም የነካው አንሶላ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ከጨርቁ ጋራ ያጣብቀዋል። ፍራሽ ሲነሣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው፤ ይህን ያስተማራቸው ማንም ሳይሆን ወገባቸው መሆኑን እየሣቁ ነግረውናል።

እዚህ ላይ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ሳናሳስብ አናልፍም። እኚህ እናት አንድ ቀን መጸዳጃ ቤቱ ቶሎ እንዲነጣላቸው ብለው በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋራ ቀላቀሉ። ወዲያው ጉሮሯቸው ተዘጋ፤ ዓይናቸው አቃጠላቸው፤ ዘበኛው ደግፎ ባያወጣቸው ኖሮ በዚያው በወደቁ ነበር። ነገሩ የታወቀ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋራ ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋራ ሲቀላቀልም ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ እናቶች፣ በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋራ አትቀላቅሉ፤ ስትጠቀሙበትም መስኮት ክፈቱ። ሠራተኛም ያላችሁ ጓንት ግዙላት። የጓንት ዋጋ ከሐኪም ዋጋ ያንሳል።

ውሃና መብራትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥቶ ሮቶ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል፤ እንግዳው ግን ቧንቧውን ሲከፍት ውሃው ከየት እንደ መጣ አያስብም። በክረምት፣ በተለይም የአዲስ ዓመት እንግዶች በሚገቡበት በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ አንሶላ በገመድ ላይ ሦስት ቀን ቢሰጣ አይደርቅም። ያን ጊዜ በካውያ እያደረቁ ይሠራሉ፤ መብራትም ከጠፋ በመኝታ ቤት ውስጥ ገመድ ወጥረው ሌሊቱን ሲያገላብጡ ያድራሉ።

ስለ ጾምም እንናገር። እንግዳ ሁሉ አይጾምም፤ የሚጾመውም ከመንገድ ሲደርስ ይደክማል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥም እኚህ እናት ለሌላው እንቁላል ይጠብሳሉ፤ ሥጋ ይሠራሉ። ወጥ ሳይቀምሱ እንዴት እንደሚያጣፍጡ ጠየቅናቸው። «ጨውን በማንኪያ እንጂ በምላስ አልለካም» ሲሉ መለሱልን። ሽታውን አሽትተው፣ የሽንኩርቱን ቀለም አይተው ያውቃሉ። ምግቡ ጨው በዛበት ያለ እንግዳ እስከ ዛሬ እንዳላጋጠማቸውም በትሕትና ነግረውናል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የበዓል ነገር ነው። የእንግዳ ወቅትና የበዓል ወቅት አንድ ነው። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣው ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለትንሣኤ ስለ ሆነ፣ ቤቱ የሚሞላው በእነዚሁ ቀኖች ነው። ጥር 10 ቀን ከተራ ሲደርስ እኚህ እናት የእንግዶቹን ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ተኩሰው፣ ጥለቱን አስተካክለው ወደ ጃንሜዳ ይሸኙአቸዋል። እርሳቸው ግን ይቀራሉ፤ ምሽት የሚገባ ሌላ እንግዳ አለና። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጃንሜዳ የወረዱት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የሰፈሩ ታቦት በመንገዱ በሚያልፍበት ጊዜ ከማጠቢያው ስፍራ ሮጠው ከበሩ ይቆማሉ፤ የሳሙናው አረፋ ከእጃቸው ሳይደርቅም እልል ይላሉ። የእንግዶቹን የጥምቀት ልብስ ያነጣች እጅ የራስዋን ነጠላ ለብሳ ለመውጣት ጊዜ አጥታለች ማለት ነው።

እንግዶቹ በሚሄዱበት ጊዜ ትተዋቸው ከሚሄዱት ነገሮች መካከል የጸበል ጀሪካን፣ እምነትና የተቀደዱ ሥዕለ አድኅኖ ይገኙባቸዋል። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ከቆሻሻ ጋራ ይጥለው ይሆናል። እርሳቸው ግን ጸበሉን እግር በማይረግጠው በዛፍ ሥር ያፈሱታል፤ ሥዕሉንም ወስደው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። ለዚህ ማንም አልቀጠራቸውም።

አሁን ወደ ኀዘኑ እንመለስ። በ2009 ዓ.ም. አንዲት እንግዳ የወርቅ ሐብል ጠፋብኝ አለች። ክፍሉ ውስጥ የገባች ሌላ ሰው ስላልነበረች ጣት ሁሉ ወደ እርሳቸው ተቀሰረ። ቦርሳቸው ተፈተሸ፤ ቤታቸው ሳይቀር ተበረበረ፤ ሁለት ቀንም በፖሊስ ጣቢያ ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት እንግዳዋ ከአገርዋ ስልክ ደውላ፣ ሐብሉ በሻንጣዋ ገበር ውስጥ መገኘቱን ተናገረች። ይቅርታውንም የጠየቀችው ባለ ቤቲቱን ነበር። ለእኚህ እናት ያደረሰላቸው ሰው አልነበረም፤ የሰሙት ከዘበኛው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዘው፣ በክፍሉ የተገኘውን ሁሉ፣ የፀጉር መርፌ እንኳ ቢሆን፣ ከነቀኑና ከነክፍሉ ቁጥር ይጽፋሉ። በጠረጴዛ ላይ የተተወ ገንዘብ ቢያገኙም ቆጥረው ለባለ ቤቲቱ ወኪል ያስረክባሉ፤ ስጦታ ይሁን የተረሳ ማንም አልነገራቸውምና። በልጅነታቸው የቆጠሩት ፊደል ክብራቸውን ለመጠበቅ ዋለላቸው።

የእናታችን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራን ገድል የምታነቡ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። ብዙ አገልጋዮች የነበሩአት እመቤት ሳለች በቁጣ አንዲት አገልጋይዋን ጎድታ ገደለቻት፤ ደንግጣም ወደ እግዚአብሔር በለመነች ጊዜ አገልጋይቱ ተነሣችላት። ቅድስቲቱም ይህን ባየች ጊዜ ዓለሙን ንቃ ወደ ገዳም ሄደች። የቅድስናዋ መንገድ የተጀመረው በአገልጋይዋ ላይ ያደረገችውን በደል አይታ በማልቀስ ነው። እኛ ግን በችኮላ የሰውን ስም እንገድልና እንኳን ልናለቅስ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ስልክ ማንሣት ይከብደናል።

ሁለተኛው ኀዘን በ2012 ዓ.ም. የመጣ ነው። የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ እንግዳ ጠፋ። ባለ ቤቲቱ በውጭ አገር ትኖራለች፤ ወኪልዋ ለእኚህ እናት የግማሽ ወር ደመወዝ ሰጥታ፣ «እንጠራሻለን» ብላ አሰናበተቻቸው። የጠሩአቸው በ2014 ዓ.ም.፣ በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ለገና በዓል ወደ አገራቸው እንዲገቡ ጥሪ በተደረገበት ጊዜ ነው። በመካከሉ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ቆዩ። ለምን ተመለሱ ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ፣ «ቤቱን አውቀዋለሁ፤ የቱ መስኮት እንደሚያፈስ፣ የቱ ቁልፍ እንደሚያስቸግር እኔ ነኝ የማውቀው» አሉን። ይህ የባለሙያ ቃል ነው።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ሰዎች እንደዚህ ያለችውን ሠራተኛ ከቤት ሠራተኛ ቆጥረው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አይመለከታትም ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሰኑ ውጭ ያደረገው ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረገውን የግል አገልግሎት ቅጥር ነው። ቤቱ ለኪራይ የሚውልና ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ ግን በዚያ የምትሠራ ሴት እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ትቆጠራለች። ስለዚህ የሥራ ጊዜዋ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባታል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርላታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሠሩት እናት ይህ 25 የሥራ ቀን ይሆናል። በሕዝብ በዓል ቀን ለሠራችበት ሰዓት ደመወዝዋ እጥፍ ነው። የቅጥሩ ውል በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው የውሉን ነገር የሚገልጽ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ሊሰጣት ይገባል፤ ባይሰጣትም መብትዋ አይቀርም።

የጡረታው ነገር ከሁሉ ይብሳል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አሁን በሚሠራበት ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በ60 ዓመት ዕድሜ ጡረታ ሲወጣም ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልና ማዋጣት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው። እንግዲህ መምህር ነንና ሒሳቡን እንሥራው። እኚህ እናት በ2003 ዓ.ም. ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ፣ እንግዳ የጠፋበት ጊዜ ቢቀነስ እንኳ፣ ዐሥሩን ዓመት አልፈው ነበር። አልተመዘገቡም። ዛሬ ቢመዘገቡ እስከ 60 ዓመት የሚቀራቸው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። የጎደለው አራት ዓመት የማን ቸልታ ነው? አልጋ ሲያነጥፉ የነበሩት እርሳቸው እንዳይደሉ ግን የታወቀ ነው።

በዚህ ነገር ዝም ማለት ስላልተገባን ከልጃቸው ጋራ ሆነን ለባለ ቤቲቱ በአክብሮት ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፤ በጽሑፍ የተደረገ ውል፣ የእሑድ ዕረፍት፣ ያለፈውም ጊዜ የሚታሰብበት የጡረታ ምዝገባ። ባለ ቤቲቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደመወዙን ሁለት ጊዜ ጨምራለች፤ ልጃቸው በታመመ ጊዜም የሕክምናውን ከፍላለች። ነገር ግን ርኅራኄ የፍትሕን ስፍራ አይሸፍንም። ስለ እሑዱ ወዲያው ተስማምታ ሁለተኛ ሠራተኛ ቀጥራለች፤ እኚህ እናትም ካለፈው የጰራቅሊጦስ በዓል ጀምሮ ሰንበትን ያስቀድሳሉ። ስለ ውሉና ስለ ጡረታው ግን ወኪልዋን ጠይቄ እመልሳለሁ ብላ እስከ ዛሬ አልመለሰችም። እኛም ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈናል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። ቤት የምታከራዩ፣ ሠራተኛችሁን በቁማችሁ አስመዝግቡ። የሠራተኛን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ክፈል የሚለው የኦሪት ትእዛዝ ለጡረታውም ይሠራል፤ የተከለከለ ደመወዝ ወደ ሰማይ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቆናልና። በዓል በሆነ ጊዜም ተራ አውጡላቸው፤ አንዱ ለከተራ፣ ሌላው ለጥምቀት ይሂድ። ከውጭ አገር ለምትመጡ ወገኖቻችን፣ ባረፋችሁበት ቤት የምታገለግላችሁን ሴት ስም ጠይቁ፤ ስጦታም ብትሰጡ ከጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ሳይሆን በእጅዋ ስጡ፤ ዕቃ ብታጡ ሰውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሻንጣችሁን እስከ ገበሩ ፈትሹ። እናንተ ሠራተኞች ሆይ፣ የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ የተቀበላችሁትን ደመወዝ፣ የሠራችሁበትን በዓል በደብተር ጻፉ፤ ጥያቄ ቢኖራችሁም ወደ ወረዳችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የምታነብ እጅ በቀላሉ አትበደልም። ወላጆችም ለልጆቻችሁ አልጋቸውን ራሳቸው እንዲያነጥፉ አስተምሩ፤ ያነጠፈ ልጅ የሚያነጥፈውን አይንቅም።

ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ ወገቡን የታጠቀው በማበሻ ጨርቅ ነበር። ዛሬም በዚያ ቀን አባቶቻችን ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያን ሥራ በዓመት አንድ ቀን ሲደረግ አይተን እናለቅሳለን፤ በየቀኑ የሚያደርጉትን ግን ከደጃችን አለን። የአብርሃምን ቤት የባረከ አምላክ እንግዳ የሚቀበሉትን፣ የእንግዳን አልጋ የሚያነጥፉትንም ይባርክ። አሜን።